ሳትገዛ ስለተመረቀችው መኪና

ለተከበሩ አቶ ወንዳፈራሁ
የእድራችን የመኪና ግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የሐምሌ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ ጋቢዎ እንዳይርስ፣ የኮሚቴው ስብሰባም እንዳያደክምዎ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ የእድሩ አባልና የሰፈርዎ መምህርት ይዘንጋሽ ቸሩ፣ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። እቤትዎ ድረስ ደጋግሜ መጥቼ በግዥ ጉዳይ መጠመድዎ ስለተነገረኝ፣ ያልተገዛ ነገር ሰውን ይህን ያህል መጥመዱም ስለገረመኝ፣ ይህን ደብዳቤ መሐል ሜዳ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ።

እንደሚያውቁት እድራችን አዲስ ደብል ጋቢና ለመግዛት የተነሳው ለሽርሽር አይደለም። መንደራችን ከዋናው መንገድ የራቀች ስለሆነች፣ ሕመምተኛና ወላድ በቃሬዛ ማመላለስ ትከሻችንን ስለላጠው ነው። አንዱ በጉን፣ ሌላው የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱን፣ ባናውን ሸጦ አዋጣና ገንዘቡን በእርስዎ ፊርማ ሥር ባንክ አስቀመጥን። ከዚያ ወዲህ ስለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ትዕግሥትዎ። ገንዘቡ በጥቅምት ሞልቶ ሳለ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብለው እስከ ጥር አቆዩት። በጥር እህሉ ገብቶ፣ ነጋዴው ኪሱ ሞልቶ፣ ሰርገኛውም ሁሉ መኪና ሲያማርጥ፣ እርስዎ ያን ጊዜ ለግዥ ተነሡ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ እኮ በሞላሌ ገበያ ስምዎ የታወቀ በግ ገዢ ነዎት። በፋሲካ ዋዜማ በግ ሲገዙ ያየዎት ሰው የለም፤ በጾሙ አጋማሽ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሄደው ሻጩን አስለቅሰው ይመለሳሉ። ለራስዎ በግ የማይስቱትን ወቅት ለእድሩ መኪና እንዴት እንደሳቱት እስካሁን አልገባኝም።

፪. ስለ ድርድር ጥበብዎ። በግ ሲገዙ ላቱን ጨበጥ አድርገው ፊትዎን ያጨማድዳሉ፣ አጥንት ብቻ ነው ብለው ጥለው ይሄዳሉ፣ ሻጩም ከኋላዎ እየሮጠ ይጣራል። እኔም ከተላኩት አንዷ ሆኜ ደብረ ብርሃን አብሬዎት ስሄድ ይህንኑ ጥበብ ለማየት ጓጉቼ ነበር። እርስዎ ግን መኪናዋን ገና ከሩቁ ሲያዩ ዓይንዎ እንባ አቀረረ። ዋጋ ሳይጠየቅ፣ ይዘዋቸው የመጡትን ቄስ መርስዔ ኃዘንን ጠበል እንዲረጩ ጋበዙ። ሴቶቹን እልል በሉ አሉን፤ እኛም ሞኞቹ እልል አልን። በሞተሯ ክዳን ላይ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ የመጀመሪያውም ቁራሽ ለሻጩ ተሰጠ። ሻጩ የዚሁ አገር ልጅ ነውና የተመረቀን ነገር ጥሎ መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑን ያውቃል። ቁራሹን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ዋጋው ንቅንቅ እንደማይል በትሕትና ነገረን። እርስዎ ያን ጊዜ ቀንስ ማለት መጀመርዎ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ፤ ሳንገዛም ባዶ እጃችንን ተመለስን።

፫. ስለ ታማኝነትዎ። ሌሎች ሻጮች የተሻለ ዋጋ ይዘው ሲመጡ፣ ያችኛዋን ጠበል ነክቷታል እያሉ ሁሉንም መለሱ። ጠበሉ ለሚሳፈረው ሰው እንጂ ለብረቱ አለመሆኑን ቄስ መርስዔ ኃዘን ራሳቸው ቢያስረዱዎም አልሰሙም። ሻጩ ይረግባል ብለው እስከ መጪው ጥር ቀጠሩን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለትዎንም ሰምቻለሁ። እንቁላሉስ ይሂድ፤ ምጥ የያዛት ሴት በእግሯ እንዴት ትሂድ?

፬. የመኪናዋ የፊተኛው ወንበር ለሰብሳቢው እንዲሆን ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ስለወሰነ። ይህ እስካሁን የተጠናቀቀ ብቸኛው ሥራው ነው።

ክቡር ሆይ፣ በሰኔ ምጥ የያዛትን ጎረቤታችንን መቅደላዊትን በቃሬዛ ስንወስዳት እርስዎ አልነበሩም። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል ስለተባልን፣ ጎረምሶቹ እየተፈራረቁ ተሸክመዋት በጭቃው ሲንሸራተቱ፣ እኔ ከላይዋ ላስቲክ ይዤ ስከተል፣ ከመንገዱ ዳር ዝናብ ላይ ወለደች። እናቲቱ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬም እስከ ጥር የሚቆይ አይደለም።

አሁን ደግሞ ልጄ ሐሴት የመጀመሪያ ልጇን በመስከረም ትጠብቃለች። ኮሚቴው ቀጠሮ ስላራዘመ አንቺም አራዝሚ ልላት አልችልም። የመቅደላዊትን መንገድ እንድትሄድ አልፈቅድም።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጦ፣ ተጠርተው ሳይመጡ በቀሩበት፣ ኮሚቴዎን በክብር አሰናብቷል። ግዥው ለእኔ፣ ለወይዘሮ አልጣሽና ለአቶ ምንይሉ ተላልፏል፤ የባንኩም ፊርማ ተቀይሯል። በፍልሰታ፣ ገበያው ጭር ባለበት፣ በዝናቡ ደብረ ብርሃን እንሄዳለን። ዳቦ አንይዝም፤ እልልታም አይኖርም። ጎማዋን በእግራችን ነካ አድርገን ፊታችንን እናጨማድዳለን፤ ሻጩ እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው እንሻገራለን። ምርቃቱ መኪናዋ የመጀመሪያዋን ወላድ በሰላም ካደረሰች በኋላ ይደርሳል። ለዚህ ሁሉ ፈቃድዎን አልጠየቅንም፤ ወደፊትም አንጠይቅም።

ለትዕግሥትዎ ያለኝን አድናቆት፣ ለዳቦው ያለኝን ምስጋና፣ ለሥልጣንዎም መልካም ዕረፍት በአንድነት ጠቅልዬ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

አክባሪዎ
ይዘንጋሽ ቸሩ
የእድሩ አባልና የሐሴት እናት

ማስታወሻ፦ ይህን ከመለጠፌ በፊት ለዚያው ሻጭ ደውለን በነሐሴ እንደምንመጣ ነገርነው። በደስታ ተቀበለን፤ አቶ ወንዳፈራሁ አብረው ይመጡ እንደሆነም በናፍቆት ጠየቀን። አይመጡም ስንለው ዋጋው ላይ መነጋገር እንደሚቻል ነገረን።