ከጓዳችን የሚነሳው የፎገራ ባቡር

ሰይዴ፣ የቤቴ ጌታ፣

አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት አልፎ ውኃው ከሜዳው መሸሽ ጀምሯል። ይህን የምጽፍልህ አንተው ራስህ በሳሙና ካርቶን ላይ ባስተማርከኝ ፊደል ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ ከተጣመመ ጥፋቱ የአስተማሪው ነው። እኛ ደኅና ነን። ልጅህ ሉባባ ጎንደር ገብታ ትማራለች። ስትመጣ ቁርጥ አንተን ትመስላለች፤ ምግብ ቀርቦላት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታስባለች። ሱቁን እኔና ወንድምህ ይማም ይዘነዋል። በጎንደሩ መንገድ የሚያልፈው የጭነት መኪና ስለበዛ መደርደሪያውን ጠዋት ማታ ከአቧራ እናራግፋለን።

በእጅህ የሠራኸው ትንሹ ባቡርህ ግን ቆሞ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል ሙሉ የያዘው ጠረጴዛ እንዳለ ነው፤ ሐዲዱም፣ ድልድዩም፣ ፉርጎዎቹም በቦታቸው ናቸው። ዘንድሮ ይማም ክፍሉን ለኑግና ለሽምብራ ማከማቻ ፈለገው። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እህሉ በረንዳ ላይ እየረጠበበት ነበር። እኔም አንድ ነገር ለመንኩት። አንተ በየዓመቱ ታደርግ እንደነበረው፣ ውኃው ሲሸሽ በሚውለው የመጀመሪያ ገበያ ባቡሩን ለሕዝብ እንዳሳይ፤ የሐዲዱን ዙር ከጨረሰ ክፍሉ የባቡሩ እንዲሆን፣ ካልጨረሰ ግን ይማም እንዲወስደው ተስማማን። ቶሎ እሺ ማለቱ አስደነገጠኝ፤ ባቡሩ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም ነበርና።

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ አስታውሳለሁ። ድሬዳዋ በባቡር ጥገና ቤት ሠርተህ ወደ ወረታ ስትመለስ ስለ ባቡር የምታወራውን ማንም አላመነህም። አንድ ቀን ጨው ሊገዛ የመጣ ገበሬ፣ መሪ የሌለው ነገር እንዴት ይታጠፋል ብሎ ጠየቀህ። በእጅህ ብታሳየው፣ በገመድ ብታሳየው አልገባው አለ። በማግስቱ የላምባ ቆርቆሮ ስትቆርጥ አገኘሁህ። እስቲ አሁን ልጠይቅህ፤ ለሰውየው መልስ ለመስጠት ነበር ወይስ ጠያቂ እስኪመጣልህ ስትጠብቅ ኖረሃል? ሰውየው ጨውን ይዞ እንደሄደ ቀረ፤ አንተ ግን ዓመታት ሠራህ።

ሐዲዱ ከቆርቆሮ፣ ፉርጎዎቹ ከሰርዲን ጣሳ፣ የጉማራ ወንዝ ድልድይ ከቀርከሃ። ፉርጎዎቹን ለሚስበው መጎተቻ ሞላ ስታጣ የደወል ሰዓታችንን ፈታህ፤ ከዚያ ወዲያ ለሱብሒ ሶላት የምንነሳው በጎረቤት ዶሮ ነበር። አኩርፌ ሰነበትኩ። ውሎ አድሮ ግን በር ላይ ቆሜ ማየት ጀመርኩ፤ ጠረጴዛው ላይ የሠራኸው የፎገራ ሜዳ ባዶነቱ አላስቻለኝም። ከብት የሌለበት ፎገራ ምን ፎገራ ነው? ከጭቃ ላሞች ሠራሁልህ። ከፉርጎው በለጡ፣ አሳንሻቸው አልከኝ፤ የፎገራ ላም አታንስም ብዬ እምቢ አልኩ። መጀመሪያ ለገበያተኛው ስታሳይ ሰዉ ባቡሩን ትቶ በላሞቹ ተከራከረ። አንዱማ የጠፋችብኝ ጊደር ይቺ ናት ብሎ ሊወስዳት ነበር። ፊትህ ሲከፋ አይቼ የሳቅኩት ሳቅ አሁንም ይመጣብኛል።

ከሁሉ የማልረሳው የቁሐር ሚካኤል ሰዎች የመጡበትን ቀን ነው። ገበያ ውሎ የገባ ሰው፣ ሐዲዱ በግጦሻችሁ መካከል ያልፋል ብሏቸው ኖሯል። ያኔ ቀላድ ሊጣል ነው፣ መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ በየቤቱ ይናፈስ ስለነበር የመንግሥት ፕላን አንተ ዘንድ የተቀመጠ መሰላቸው። ጭቃ ሹማቸው አባ ተገኘ አንድ ቅል ቅቤ አስይዘው መጥተው ሐዲዱን ፈቀቅ እንድታደርግላቸው ለመኑህ። መጫወቻ ነው ብለህ ማልክላቸው፤ ቅቤውንም መለስክ። እነሱ ደግሞ እጅ መንሻው ያነሰህ መስሏቸው በሚቀጥለው ገበያ ሙክት እየጎተቱ መጡ። ቢጨንቅህ እዚያው ፊታቸው ሐዲዱን ነቅለህ ከጉማራ ማዶ አዛወርከው፤ መርቀውህ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ የወንዙ ማዶ ሰዎችም በተራቸው ማር ይዘው ደረሱ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተቆጥቶ በሩን ይዘጋ ነበር። አንተ ሁለቱንም ወገን በአንድ የገበያ ቀን ጠርተህ፣ ሐዲዱን በሙሉ አነሳህና ለአባ ተገኘ ጠመኔ ሰጠሃቸው። እስኪመሽ ተከራከሩ። ውኃው የት ድረስ እንደሚተኛ፣ ከብቱ በክረምት በየት በኩል ወደ ከፍታው እንደሚወጣ፣ የማን ድንበር የት ላይ እንደሚያልቅ እየተቀባበሉ ተናገሩ። በመጨረሻ በተራራው ግርጌ፣ ውኃ የማይደርስበት፣ የማንም ግጦሽ ያልሆነ ቦታ መርጠው መስመር አሰመሩ። አንተም በጠመኔው ላይ ሐዲድህን አነጠፍክ። እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ ታዲያ ይሄ ነው፤ መጫወቻ መሆኑን መቼ ነው ያወቁት? ወይስ ከመጀመሪያውም ያውቁት ነበር? በየዓመቱ እየመጡ መስመራቸው እንዳልተነካ አይተው ይመለሱ ነበር እንጂ ስለሱ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ጥገናው ልመለስ። መጎተቻውን ስከፍተው ሞላው አልተሰበረም፤ ጥርሶቹ ደርቀው ተጣብቀዋል። የኑግ ዘይት አጠጣሁት። ለጊዜው ተንቀሳቀሰ፤ ከቀናት በኋላ ዘይቱ ራሱ ሙጫ ሆኖ ያዘው። በላምባ አጥቤ ከልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ዘይት ለመንኩ። ጥርሶቹ መሽከርከር ሲጀምሩ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ይሄኔ ልቤ አበጠና ወደ ሐዲዱ ዞርኩ። በየመገጣጠሚያው ትንንሽ ክፍተት ትተሃል። ቸኩለህ መስሎኝ፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው እያልኩ በክረምቱ እርጥበት ሁሉንም በቆርቆሮ ደፈንኳቸው። ፀሐይ ወጥቶ ጠረጴዛው ሲደርቅ፣ ሐዲዱ መሄጃ አጥቶ እንደ በሬ ሻኛ ተነሳ። ክፍተቱ ለካ በሙቀት ጊዜ የሚላወስበት ኖሯል። ይህን ድሬዳዋ ነው የተማርከው ወይስ እዚሁ ተበላሽቶብህ ነው ያወቅከው? ብጠይቅህ እኮ ደስ ብሎህ ትነግረኝ ነበር። የደፈንኩትን መልሼ ስከፍት ሰነበትኩ፤ እያንዳንዱ ክፍተት ላይ ያንተ ሞረድ ያለፈበት ምልክት አለ፤ ጣቴን አሳርፍበት ነበር።

ባለፈው ገበያ በሩን ከፈትኩ። ሴት ባቡር ልትነዳ ነው ተብሎ ከወትሮው የበለጠ ሰው መጣ። አባ ተገኘ ዱላቸውን ተደግፈው፣ የማዶዎቹም ከጎናቸው ሆነው ቆሙ። ይማም በሩን ተደግፎ እጁን አጣጥፏል። አንተ በአፍህ ታሰማው የነበረውን የባቡር ጩኸት ልሞክር ብዬ አፈርኩ። ሞላውን አጥብቄ ለቀቅኩት። ከወረታ ጣቢያ ወጣ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ጨው ገዢው እንዴት ይታጠፋል ያለውን ኩርባ ታጠፈ። ከዚያ በተራራው ግርጌ፣ ጣቢያም ቤትም በሌለበት፣ እየቀዘቀዘ መጥቶ ቆመ። ዙሩ ገና አላለቀም። ይማም አየኝ። ክፍሉ ሲሄድብኝ ታየኝ፤ መሙያ ቁልፉን ላነሳ ስል አባ ተገኘ ዱላቸውን ከፍ አደረጉ።

«ተይው፣ ልጄ። የሚወርድ ሰው ይኖራል።»

ማንም አልሳቀም። አንድ ሰው ዕቃውን ይዞ እስኪወርድ ያህል ሁላችንም ጠበቅን፤ ከማዶዎቹ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ማንን እንደምንጠብቅ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ አባ ተገኘ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ምልክት ሰጡኝ፤ ሞላውን መልሼ አጠበቅኩት፤ ባቡሩ ተነስቶ ዙሩን ጨረሰ።

ይማም ማምሻውን ኑጉን ተሸክሞ ጎረቤት ቤት ሲያስገባ አየሁት። ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ናፍቀኸኛል ሰይዴ፤ እንዲህ መናፈቅ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ባቡሩ የቆመበት ቦታ ላይ ጣቢያ እየሠራሁ ነው። ቆርቆሮ መቁረጥ ጣቴን አቆሳስሎኛል፤ አሁን ግን እየለመድኩት ነው። ጣሪያው ሲያልቅ ስምህን በዚሁ በተጣመመ ጽሑፌ እጽፍበታለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ ውኃው ሲሸሽ በሩን እከፍታለሁ። ሞላው ገና ጉልበት ቢኖረውም ባቡሩን እዚያች ጣቢያ ላይ በእጄ አቆመዋለሁ፤ ወርደህ እስክትገባም ቆመን እንጠብቅሃለን።

ባለቤትህ ዘይነባ