አሥር ባር ቀድሞ የገባው ትራምፔት

ለወንድሜ ለጉንጮ፣

እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህን የሚወጋህ ነገር ተወህ ወይስ አሁንም ከአልጋ ስትነሣ ግድግዳ ትደገፋለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ሳል ይዟታል ብለኸኝ ነበር፤ ለቀቃት? ሚጢጢዋስ? የፊት ጥርሷ ወለቀ ካልከኝ ወዲህ ሌላው በቅሎ ይሆናል። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ቢላትም አፏ እንደምታውቀው ነው። ባለፈው ሳምንት ሊያያት የመጣውን ሐኪም፣ አንተ ልጅ መጀመሪያ ራስህ እህል ቅመስ፣ ከሲታ ነህ ብላ ሸኝታዋለች።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። በማግስቱ ልመልስልህ ይገባ ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እሑድ ስደውልልህም ልነግርህ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ ስለ ዝናቡ አወራሁ። የጠየቅኸኝ አንድ ነገር ነውና አስቀድሜ እሱን ልመልስ።

አልሰከርክም ነበር። የአባባ በሽታም የለብህም። ቆጠራህ ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነበረውን ያን ሳምንት ታስታውሰዋለህ። ከንቲባው ሐሙስ ሞቱ፣ ቀብሩ ለቅዳሜ ተባለ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ባንድም ተጫውቶት የማያውቀውን የሐዘን ሙዚቃ እንዲያቀርብ ታዘዘ። የመጣልን ሙሉው ኖታ ብቻ ነበር፤ የሁሉም መሣሪያ ድርሻ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድሮ የተጻፈበት፣ እንደ መዝገብ የወፈረ ጥራዝ። ከእሱ ውስጥ የእያንዳንዳችሁን ድርሻ ለይቶ በየወረቀቱ መገልበጥ የእኔ ሥራ ነው። ሃያ ሁለት ሰው፣ ሃያ ሁለት ድርሻ። ዓርብን ሙሉ ከዚያች መስኮት አልባ ክፍል አልወጣሁም። ምሳዬን ያመጣችልኝ ጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ እሱንም የበላሁት በግራ እጄ ነው።

ያንተን መጨረሻ ላይ አቆየሁት፤ ትንሽ ስለሆነ። ክላርኔቶቹ ብቻቸውን ቀስ ብለው ሲጫወቱ አንተ ዝም ትላለህ፤ ዝምታህ ሲያልቅ ብቻህን ትነሣለህ። በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለችውን እያንዳንዷን ክፍል፣ እናንተ ባር የምትሏትን፣ ከሙሉው ኖታ ላይ ቆጥሬ ስንት ባር ዝም እንደምትል በቁጥር መጻፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። ጣቴ ደንዝዞ ነበር። ሁለት ቅጠል አብሬ ገለጥኩ። ባላየኋቸው ሁለት ገጾች ላይ አሥር ባር ነበር። ሃያ አራት ማለት ሲገባኝ አሥራ አራት ጻፍኩልህ።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቶቹን ሳድል ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም ነበር። መሪያችሁ፣ ዱላው የምትሉት፣ ሰዓት ስላጠረው መግቢያውንና መጨረሻውን ብቻ አስጠናችሁ። የባንድ መሪ ሆኖ ሠላሳ ዓመት የቆየ ሰው ነው፤ መሐሉን እያነበባችሁ ትጫወቱታላችሁ ብሎ አለፈው። ትሮምቦን ነፊው ወረቀትህን አስቀድመህ እንድታየው ሲመክርህ፣ እትዬ የጻፈችውን ዓይኔን ጨፍኜ እነፋዋለሁ አልከው። ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

የስንብቱ ሥነ ሥርዓት በተደረገበት አዳራሽ የሆነውን ታውቀዋለህ። ከእኔ ቦታ የታየውን ግን አታውቅም። ከኋላ፣ ወንበር ከሚደረድሩት ሰዎች ጋር ቆሜ ነበር። ትራምፔቱን በቀኝ እጅህ ይዘህ ግራ እጅህን ጭንህ ላይ አድርገኸው ነበር። ልጅ ሳለህ እንዳስተማርኩህ በእያንዳንዱ ባር አንድ ጣት ታጥፋለህ፤ አምስቱ ሲያልቁ ትዘረጋቸዋለህ። አብሬህ ቆጠርኩ። አምስት፣ እንደገና አምስት፣ ከዚያ አራት። አንዲት አልዘለልክም። ልክ ነው፣ አሁን ይነሣል ስል ተነሥተህ ነፋህ።

ንጹሕ ድምፅ ነበር። ክላርኔቶቹ ተደነባበሩ፤ አንዱ አቆመ፣ የቀሩት ቀጠሉ። አንተ በቆጠራህ እርግጠኛ ስለሆንክ የሳቱት እነሱ መስሎህ ይከተሉህ ዘንድ ይበልጥ አጠነከርከው። ከፊተኛው ረድፍ አንድ ሰው ሳቀ። የሟች ባለቤት ዞር ብለው አዩህ። ዱላው እጁን አወረደ።

ከቀብር መልስ ወረቀቶቹ እንደ ልማዱ ወደ እኔ መጡ። ያንተን ከሙሉው ኖታ ጋር አስተያየሁት። ምክትል ከንቲባው ያን ሰካራም ሁለተኛ እንዳላየው ማለታቸውን፣ ሰኞም ጉዳዩ እንደሚታይ ሰምቼ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ጠጥተህ መጥተህ ስለነበር ሌላ ምክንያት የፈለገ አልነበረም። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ኮንትራት ነበርኩ፤ ቋሚ የሚያደርገኝ ደብዳቤ ፊርማ እየጠበቀ ነበር። ይህን የምነግርህ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት እሱን ስለሆነ ነው። ለእኛ ላጲስ አይሠራም፤ ቀለም የሚፋቀው በምላጭ ነው፣ ምላጭም መሳቢያዬ ውስጥ አይጠፋም። ከአሥራ አራቱ ላይ አንዷን ቁጥር ፍቄ በቦታዋ ሁለት ጻፍኩ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ሰኞ ዱላው ወረቀትህንና ሙሉውን ኖታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። እዚያም ሃያ አራት፣ እዚህም ሃያ አራት። ጎንበስ ብለህ ብዙ አየኸው። አሥራ አራት ማንበብህን ታስታውስ ነበር፤ ከፊትህ ላይ አነበብኩት። ከራስህና ከወረቀቱ ግን ወረቀቱን አመንክ።

"እንግዲህ እኔ ነኝ" አልክ።

ስትወጣ በሩ ላይ አቆምከኝና በሰው ፊት ስላሳፈርኩሽ ይቅር በዪኝ አልከኝ። እኔም ይቅር አልኩህ።

ዘጠኝ ዓመት ለራሴ የምነግረው ነገር ነበረኝ። ከባንዱ ተባሮ መሄዱ በጀው፣ ከትራምፔት ክሬን መንዳት ይሻላል፣ አገባ፣ ወለደ እል ነበር። ደብዳቤህ ያን ወሰደብኝ። ብረት ከማንሣትህ በፊት ከታች የቆመውን ሰው ምልክት ሦስት ሦስት ጊዜ እንደምትቆጥር፣ በር ቆልፈህ አራት ጊዜ እንደምትመለስ፣ ሚጢጢዋ ከትምህርት ቤት ዋሽንት ይዛ ስትመጣ መልሺ እንዳልካት ጻፍክልኝ። አባባ መጀመሪያ ዕቃውን፣ በመጨረሻም እኛን እየረሳ ስለሞተ፣ ያ በሽታ በዚያ አዳራሽ ጀመረኝ ብለህ ታምናለህ። ሰው ላይ ብረት ሳልጥል በወሩ መጨረሻ ሥራዬን ልለቅ ነው፤ አንቺ በቦታው ነበርሽና እውነቱን ንገሪኝ አልከኝ። ይኸው ነገርኩህ።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ የሄድኩት ዱላው ዘንድ ነው። ጡረታ ወጥቷል። እግሩ አብጦ ወንበር ላይ ሰቅሎት ይውላል። ከእኔ ቃል የእሱን ፊርማ ታምናለህ ብዬ አንድ ወረቀት ላስፈርመው ነበር። የሠራሁትን ሁሉ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማና ውኃ ጠጣ።

"ያን ሰኞ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ያዞርኩት ለምን ይመስልሻል?" አለኝ። "የፋቅሽው ቦታ ብርሃን ያሳልፍ ነበር።"

ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠየቅሁት።

"ትራምፔት ነፊ በየመንደሩ ሞልቷል። ኖታ ገልባጭ አንቺ ብቻ ነበርሽ።"

እንዲፈርምልኝ ስለምነው፣ በዚህ ዕድሜዬ ቢሮ ለቢሮ ልታንከራትቺኝ ነው ወይ ብሎ ሬዲዮውን ከፈተ። አልተከራከርኩትም። በምን አፌ?

ለእማዬም ነገርኳት። መጠጥ ነው ልጄን ያጠፋው እያለች፣ ስምህ ሲነሣ ጎረቤት ፊት ስትሸማቀቅ የኖረች እናት ናት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ልብስ ማጠፏን ሳታቆም አትጻፊለት አለችኝ። እሱ ሩቅ ነው፣ ለምዶታል፤ አንቺን ቢያባርሩሽ ቤቱ የማዘጋጃ ቤት ነው፣ ይህን ጉልበት ይዤ የት ልወድቅ ነው አለች። ስለ ክሬኑ ስነግራት ግን እጇ ልብሱ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ ቃል አልተነፈሰችም። ሦስት ቀን ሆናት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያንተን ድርሻ አጥፌ ልኬልሃለሁ። ከመደርደሪያው ሰርቄ ነው የወጣሁት። ስድስተኛው መስመር ላይ ያለችውን ሃያ አራት ወደ ብርሃን አድርገህ እያት። ሁለቷ ያለችበት ቦታ ሳስቷል፤ ጣትህን ብታሳልፍባት ትሻክራለች። ሌላ ማስረጃ የለኝም።

ለቢሮው አልተናገርኩም። ዛሬ ድርሻዎቹ ታትመው ስለሚመጡ የምገለብጠው እያነሰ ሄዷል፤ አብዛኛውን ቀን አቧራ ስጠርግ እውላለሁ። ቢሆንም እንጀራዬን እፈራለሁ። ወረቀቱ አሁን በእጅህ ነው። ለማዘጋጃ ቤቱ ብትልከው ጽሕፈቱ የእኔ ነው እላለሁ፤ አልክድም። ይቅርታ አልለምንህም። አንዴ ለምነኸኝ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ይህን ደብዳቤ እሷም ታንብበው፤ ከበሽተኛ ጋር የምትኖር መስሏት ይሆናልና ማወቅ ይገባታል። ሚጢጢዋን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ዋሽንቷንም አስመልስላት። ትሮምቦን ነፊው ሰላም ብሎሃል። ትንፋሹ አጥሮ ሆዱ ረዝሟል። ስምህን በክፉ ያነሡ እንደሆነ ብድግ ብሎ የሚወጣው እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ፖስታ ቤቱ በሳምንት ይደርሳል ብሎኛልና ከወሩ መጨረሻ በፊት እጅህ እንደሚገባ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከአንቺስ ምን ልበለው ብዬ እማዬን ጠየቅኋት። አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ እንደተኛች፣ ፊቷን ሳትመልስልኝ፣ "ሥራውን እንዳይለቅ በዪው" አለችኝ።

እህትህ

ከእማዬ ክፍል
ረቡዕ፣ ኅዳር 16 ቀን