የአባባ ታፔላ

ሐሙስ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

የአባባን ታፔላ ዛሬ አስገለበጥሁት። በአማርኛ የተጻፈ ሁሉ ከሱቅ ደጃፍ ይነሣ ብሎ ጣሊያን ካዘዘ ወዲህ ሳመነታ ነበር የሰነበትሁት። ባለቤቴ አስካለ፣ «አውርደን ጓዳ እንደብቀው፤ ቀን ሲወጣልን እንሰቅለዋለን» ብላኝ ነበር። እኔ ግን በጀርባው በጣሊያንኛ ይጻፍበት አልሁ። የመኮንኖቹ ልብስ ስፌት እንዳይቀርብኝ ነው፤ ለራሴ ምን እዋሻለሁ።

ሥራውን የሠሩት የልደታ ማርያም ሠዓሊ፣ መሪጌታ ፈንታ ናቸው። ድሮም አባባን ከነስፌት መኪናቸው፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን የሣሉልን እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ አባትህን ወደ ግድግዳ አዙሬ ልስቀላቸው?» አሉኝ።

«ምን ላድርግ አባቴ፣ ጊዜው ነው። በዚህ በኩል እኔን ይሣሉኝ» አልኋቸው።

ብሩሻቸውን አነሡ።

ቀለሙ ሳይደርቅ የጣሊያኑ ሻምበል መጣ። «ቤሎ! ቤሎ!» እያለ ሥዕሉን እያደነቀ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም እየሣቅሁ እጅ ነሣሁ። አስካለ ቀና ብላ ታፔላውን አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ነው እኔም ደኅና አድርጌ ያየሁት። መሪጌታ የሣሉኝ በጎን ነው። ያለኝ አንድ ዓይን ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ እንዲህ የሚሣሉት ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው።

ነገ ኪዳን የሚሄደው የሰፈሩ ሰው ሁሉ በደጄ ያልፋል። ሁለተኛውን ዓይን ይጨምሩልኝ ብዬ መሪጌታን በምን አፌ እለምናቸዋለሁ?