የሐዘን ቤት ኳስ

ኅዳር ፬ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.፣ ሰኞ። ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል።

የልጅ ልጄ ዛሬም ከእኔ ቀድማ ተነሥታለች። ኳሱ ከማድ ቤቱ ጀርባ ግድግዳውን ይደልቃል። ዱብ። ዝምታ። ዱብ። ዳዊቴን ገልጫለሁ፤ አንዱን መዝሙር ሳልፈጽም ልቤ ወደ ግድግዳው ይኮበልላል።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ልጄን ዳንኤልን ከቀበርሁት ወዲህ አንተንም ረስቼህ ከርሜያለሁ። መኪናው በሞያሌ መንገድ ላይ የተገለበጠው እንቁጣጣሽ ባለፈ ሰሞን ነበር። አርባው ወጥቷል፤ ከሉ ግን አልወለቀም። ሚስቱ አልማዝ ዛሬም ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ትተኛለች። ልጁ ረድኤት፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ጥቁር ለብሳ ት/ቤት ትሄዳለች፤ ጥቁር ለብሳ ትመለሳለች። ታላቅ እኅቴ እትዬ ዘነበች ለቀብሩ ከይርጋለም መጥታ እንደ ቀረች ናት። የቤቱን ሐዘን የምትጠብቀው እርሷ ናት።

ረድኤት በት/ቤቷ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን መግባት ትሻለች። ምርጫው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይሆናል አሉ። ጨዋታውን ያስተማራት አባቷ ነው። ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ፣ ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን መረብ ከሐይቁ ዳር ለምኖ አመጣ፤ ቀዳዳውን ሲቋጥር ሰነበተ፤ በግራቪሊያውና በአቮካዶው ዛፍ መካከል ወጠረው። ግቢው በሞላ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። አልማዝ ተቆጣች። አባትና ልጅ ግን ሳቁ። ያ ሳቅ የዚህ ግቢ ነበር ብል ዛሬ ማን ያምነኛል!

ከቀብሩ ወዲህ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትነሣለች። ፊቷ ላይ ደም የሚታየው ኳስ ስትመታ ብቻ ነው።

እነሆ፣ የእትዬ ዘነበች ድምፅ። «አንቺ! አባትሽ አፈር ውስጥ ተኝቶ አንቺ እንደ ፌንጣ ትዘያለሽ?»

ኳሱ ቆመ።

ኅዳር ፮፣ ረቡዕ። ከሰዓት በኋላ።

ከእትዬ ጋር ስለ ኳሱ ተነጋገርን። መነጋገር ከተባለ።

እኅቴን ክፉ ናት ብለህ እንዳትጽፍብኝ። ባሏን ቀብራለች፤ ወንድሞቻችንን ቀብራለች፤ በየሐዘኑ ሥርዓቱን አንድ በአንድ ፈጽማለች። የሟች ልጅ ዓመቱ ሳይወጣ ቁምጣ ታጥቃ በአደባባይ ብትዘል፣ ለእርሷ ዳንኤል ዳግመኛ እንደ ሞተ ነው። ደግሞም እኔ የእድሩ ዳኛ ነኝ። ሰው ሁሉ ሐዘን እንዴት እንደሚያዝ ከእኔ ቤት ይማራል፤ ወይም ከእኔ ቤት ያማል።

መካከለኛ መንገድ አቀረብሁ፦ ረጅም ጥቁር ቱታ ትልበስ፣ ነጠላዋንም ጥቁር ታድርግ። ከል ለብሶ መዝለልማ በሐዘን ላይ ማላገጥ ነው አለች እትዬ። በልጅነቴ በጀርባዋ ያዘለችኝ ናት፤ ፊት ለፊት ተቃርኛት አላውቅም።

አልማዝን ጠየቅኋት። ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ፣ «አባባ እንዳሉ» አለች። ምንኛ ከባድ ቃል ነው! ሸክሙን ሁሉ አምጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

ረድኤት መነጽሬን አቀብላኝ አጠገቤ ቆመች። ካልመረጡኝ ይቅር፣ አልቀየምም አለችኝ። «ግን ሳልሞክር፣ አባባ?»

ዓርብ መምህሯን ላነጋግር ወሰንሁ።

ኅዳር ፰፣ ዓርብ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት።

በከዘራዬ ተደግፌ ወረድሁ። ከባህል አዳራሽ በታች ባጃጆቹ እንደ ጉንዳን ናቸው፤ ዱሮ በጋሪ ደወል የምናውቀው መንገድ ነበር። ከት/ቤቱ ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመዋል፤ እንደ ፈራጅ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰብረው።

ሜዳው አቧራ። መረቡ ከወገቡ የረገበ። ቢጫ ማሊያ የለበሱ ልጃገረዶች፤ ከመካከላቸው አንዲት ጥቁር።

ትችላለች። ያያት ዓይኔ ይመስክር። ኳሱን ስትለጋ ትከሻዋ የዳንኤል ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር አየሁ። የስፖርት መምህሩ መ/ር ማርቆስ ልጃገረዶቹን እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠራ ክርናቸውን ያቃናል። የረድኤት ተራ ሲደርስ ፊሽካውን ይመለከታል። አንድ ቃል የለም። ስሟንም አይጠራም። ደሜ ፈላ። ልጅቷን ጠልቷታል አልሁ።

ልምምዱ ሲያበቃ እየሮጠ መጣ። ተማሪዬ ነበር፤ በአማርኛ ድርሰት ፊደል እየገደፈ፣ በቁም ነገር ግን ከሁሉ እየበለጠ ያለፈ የሲዳማ ልጅ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ለቅሶ አልደረስኩም።»

መስከረምንና ጥቅምትን አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ ከረመ፤ ሲመለስ አርባው ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የልጅቷን ፊት ማየት አቃተው። ለቅሶ ሳይደርሳት በምን አፉ ስሟን ይጥራ?

ቁጣዬ በረደ፤ እንዲያውም አፈርሁ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሐዘንተኛውን ሲያይ መንገድ ይሻገራል። እኔም ስንቴ ተሻግሬያለሁ። እሑድ ቤት ና፣ እዳህን አውርድ፣ ከዚያ ስሟን ጥራ አልሁት። ጥቁር ቱታ ለብሳ መጫወት ትችል እንደሆነ ጠየቅሁት። ምን ችግር አለው ጋሼ አለኝ። መምህራኑንም ልጆቹንም ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ።

ብርቱካን ገዝቼ ገባሁ። ረድኤት ሁለት በላች። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ዛሬ ጥቂት ደስ ብሎኛል።

ኅዳር ፲፣ እሑድ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት።

መጡ። መ/ር ማርቆስ፣ ሌሎች መምህራን፣ ነጠላ የተከናነቡ የቡድኑ ልጃገረዶች። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እንደ ወጉ ዝም አልን።

እትዬ ዘነበች ሙሾ አወረደች። የዳንኤልን መኪና፣ የዳንኤልን ቁመት፣ የዳንኤልን የመንገድ ስንቅ አነሣች። አልማዝ ጮኸች። ልጃገረዶቹ አለቀሱ። ማርቆስም አለቀሰ፤ እዳው እንባ ሆኖ ሲወርድ አየሁት። ረድኤት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አልተንቀሳቀሰችም።

ጸጥ ሲል ማርቆስ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ረድኤት ጎበዝ ልጅ ናት፣ ቡድናችንም ብሎ ሊቀጥል ሲል እኅቴ አቋረጠችው።

«ልጄ፣ በዚህ ቤት ስለ ኳስ አታንሣብን። የአባቷ ዓመት ሳይወጣ ሜዳ አትወጣም። ልጅቷ ወገን አላት።»

ማርቆስ ወደ እኔ ተመለከተ። መምህራኑም ተመለከቱ። ነጠላው ውስጥ ያለው ፊትም ወደ እኔ መዞሩን አውቃለሁ።

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ታላቄ ናት። እንግዳ ተቀምጧል። የለቅሶ ቤት የክርክር ሸንጎ አይደለም። ዓይኔን ወደ ከዘራዬ ጣልሁ።

ለማርቆስ በር ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። በር ላይ ሰው በዛ። ትከሻዬን ሳመ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት አለ፣ ሄደ።

ምንም አይደለም። ዓርብ የነገርሁትን ያውቃል።

ያውቃል?

ኅዳር ፲፪፣ ማክሰኞ። ጧት።

የኅዳር ጢስ። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ከተማው ታፍኗል። የሁሉም ዓይን ቀልቷል፤ ዛሬ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ አይለይም።

ዓርብ ለምርጫው የሚወዳደሩት ልጆች ስም ትናንት ተነበበ። የእርሷ የለም።

ማርቆስ ለብቻዋ ጠርቷታል። አሁን ፊቷን አይቶ ተናገራት፤ ለቅሶ ደርሷልና። ቤተሰብሽን አላስቀይምም፣ አባባም እንደተስማሙ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የሚቀጥለው ዓመት አለልሽ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። በደግነት። ሁሉም ነገር በደግነት ሆነ።

የሚቀጥለው ዓመት የላትም። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ካለፈች መሰናዶ ትገባለች፤ ከወደቀችም ያው ከዚያ ግቢ መውጣቷ ነው። መምህሩ በኀዘኔታው መካከል ይህን ዘንግቶታል።

ይህን ሁሉ ሳታለቅስ ነገረችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ እውነት ተስማምተው ነው?»

አይደለም አልኋት።

«ታዲያ ምን አሉ?»

ምንም።

ዕድሜዬን በቃል ኖሬያለሁ። መጻሕፍት ጽፌያለሁ፣ ሰርግ መርቄያለሁ፣ በየመቃብሩ የሕይወት ታሪክ አንብቤያለሁ። ለዚህች ልጅ የነበረኝ መልስ «ምንም» ሆነ።

ኅዳር ፲፬፣ ሐሙስ።

ኳሱ አይሰማም። ትናንትም አልተሰማም። ዳዊቴን አሁን ያለ ሁከት እጨርሳለሁ። ምን ይረባኛል!

ከት/ቤት መጥታ ጓዳ ትገባለች፤ ከእናቷ ፍራሽ አጠገብ ሌላ ፍራሽ አንጥፋለች። እትዬ ዘነበች ይህን አይታ፣ አሁን ልብ ገዛች አለች። ሁለት ጥቁር ክምር፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው። የዛሬ ምሳዋ አልተነካም።

ወ/ሮ ረውዳ መጣች፤ ባለ ሱቋ ጎረቤታችን። ቅንጬ በድስት ይዛ። የጓዳውን በር ከፈት አድርጋ አየች፤ መልሳ ዘጋችው። እኔ ዘንድ ተቀምጣ ነገሩን ሁሉ ሰማች። በሐዘን ቤት ቀልድ የሚፈቀድላት እርሷ ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ ዝምታውን ለእኛ ለነጋዴዎች ይተዉልን። እኛ ዝም የምንለው ደንበኛው ዋጋ እንዲጨምር ነው። እርስዎ ምን ሊጨመርልዎ ነው?»

ፈገግ ልል ነበር። ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንዱን ቀበራችሁ። አላህ ያጽናችሁ። ሁለተኛዋን ደግሞ ቁጭ አድርጋችሁ ልትቀብሯት ነው?»

ሄደች። ቅንጬው ቀዘቀዘ።

እትዬን ለብቻዋ ልለምናት ሞከርሁ። ልመናዬን በምሳሌ ጀመርሁ፣ በምሳሌ ጨረስሁ። እርሷም በምሳሌ መለሰችልኝ። ስንጨርስ ሁለታችንም ደክሞን ነበር፤ ልጅቷ ግን በምሳሌዎቹ መካከል አልነበረችም።

ኅዳር ፲፭፣ ዓርብ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

በፍጥነት እጽፋለሁ። ምርጫው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምራል።

አራት ሰዓት ላይ የእድሩ ሴቶች አልማዝን ሊያጽናኑ መጡ። ረውዳም አብራ መጣች። አግዳሚው ሞላ። ረድኤት ከት/ቤት ቀርታለች፤ ራሴን አመመኝ ብላ። እትዬ ዘነበች ልጅቷ እንዴት ጨዋ እንደሆነች፣ ኳሱን በራሷ እንደተወችው ለሴቶቹ ታወራለች። በራሷ!

ተነሣሁ። ከዘራዬን ሳልይዝ ተነሣሁ።

«እትዬ፣ ረድኤት ዛሬ ሜዳ ትወርዳለች።»

የተሳሳትሁ መስሏት ሣቀች። ከዚያ ፊቴን አየች።

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት፣ እትዬ። እሑድም ዝም ያልሁት በሰው ፊት ነበር።»

እኅቴ ቀስ ብላ ተነሣች። ልብሷን ጠቀለለች። ነጠላዋን አጣፋች። በሩ ላይ ዘወር ብላ፣ «እንግዲህ እኔም ስሞት ኳሳችሁን ይዛችሁ ኑ» አለችኝ። ወደ ይርጋለም የሚሄድ መኪና ልትሳፈር ወጣች። ሁለት ሴቶች ተከተሏት፤ አልመለሷትም። እኔ ልመልሳት አልወጣሁም። የምትመለስበትን ቃል ብናገር ልጅቷን መልሼ መሸጤ ነው። ተቀያይመን ብንሞት፣ ማስታወሻዬ ሆይ፣ ይህን ቀን ጻፍልኝ፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግን አትጻፍ።

አልማዝ ከፍራሹ ተነሣች። ከቀብሩ ወዲህ የተንጨፈረረውን የልጇን ፀጉር ወደ ኋላ ሰብስባ አሰረችው።

ረድኤት ደስ አላላትም። ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። እጄ ከብዶኛል አለች፤ ከማክሰኞ ወዲህ ኳስ አልነካሁም፣ በዚያ ላይ አክስቴን አባረርኩ። እኔ ነኝ ያባረርሁ አልኋት። «ብወድቅስ?» ትወድቂ ይሆናል አልኋት። ሐሰት መጨመር አልቻልሁም። ራሷን ነቀነቀች፤ እውነቱ የተሻላት መሰለኝ።

ስሟ አልተመዘገበም። ማርቆስ በትሕትና ሊመልሰን ይችላል። ጋሼ አልፏል ሊለኝ፣ ወንበር ሊያመጣልኝ፣ ስለ ጤናዬ ሊጠይቀኝ ይችላል። የሌላ ሰው ልጅ በቦታዋ ገብታ ከሆነ፣ ያችም የአንድ ቤት ተስፋ ናት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

ውጪ ባጃጅ ቆሟል፤ ሾፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል። ረድኤት ጥቁር ቱታዋን ለብሳ ደጃፉ ላይ ትጠብቀኛለች። ለማርቆስ የምለውን ሳዘጋጅ ቆየሁ፤ መግቢያ አበጀሁ፣ ሠረዝሁ፤ ስለ አባቷ አንድ ዐረፍተ ነገር አበጀሁ፣ ሠረዝሁ። ሁለት ቃል ቀረኝ። ሜዳው ዳር ቆሜ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ሁለቱን ቃል ብቻ እለዋለሁ፦

ልጅቷ ትጫወት።