ገበሬውን እስከ ረፋድ ላስተኙት ዳይሬክተር

ለተከበሩ ዶክተር ልዑልሰገድ፣ የእንቅልፍ ጥናት ማዕከል ዳይሬክተር፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ከሞላሌ ውርጭ መካከል ሆኜ ለጤናዎ፣ ይልቁንም ለእንቅልፍዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ ከሥራ ካገዱኝ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንቅልፍ ሞልቶኛል።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ማድረጌ ሦስቱ ማመልከቻዎቼ መዝገብ ቤትዎ እንደተኙ ስላልነቁ ነው።

አንደኛ፣ ለማዕከልዎ ጥናት በየቤቱ ዞሬ የስልሳ አራት የመንዝ ገበሬዎችን የመኝታና የመነሻ ሰዓት ስመዘግብ፣ አብዛኞቹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝተው ንጋት 11 ሰዓት እንደሚነሱ ነገሩኝ፤ የሰዓት አቆጣጠሩ የአገራችን መሆኑንም በየገጹ አናት ጽፌ አስረከብኩ። ቢሮዎ ግን ቁጥሮቹን እንዳሉ በፈረንጅ ሰዓት ለሚቆጥር ኮምፒውተር አጎረሳቸው። ስምንቱ የእንቅልፍ ሰዓት ስላልጎደለ ማንም አልደነገጠም፤ የመንዝ ገበሬ በሪፖርትዎ፣ በእኛ አቆጣጠር ሲመለስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኝቶ ረፋድ አምስት ሰዓት የሚነሳ ሆነ። ይህን ከስልሳ አራቱ አንዱ ለሆኑት ለጋሽ ምንይሉ ባነብላቸው፣ «እንዴ ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት በጎቼን የሚያሰማራልኝ ዶክተሩ ኖሯል? ምነው እስከ ዛሬ ሳላመሰግነው!» አሉ። ምስጋናቸውን አድርሻለሁ።

ሁለተኛ፣ ስህተቱን ባመለክት «መረጃ አዛብታለች» ተብዬ ታገድኩ። የሁለት ዓመት ልፋትንና የሰው ስምን በአንድ ገጽ መፋቅ የሚደነቅ ቅልጥፍና ነው።

ሦስተኛ፣ «የእንቅልፍ ምርምር የወደፊት አቅጣጫዎች» የተባለውን ሰነድዎን አነበብኩ። ለመጪዎቹ አምስት ዓመታት የደጋ ሰው ለምን እንደሚያረፍድ ይመረመራል፤ ብርዱና የገብስ ጠላው ከወዲሁ ተጠርጥረዋል። ማኅሌት ቆመው ያደሩ ካህናት ሰውነት በስንት ቀን እንደሚስተካከል፣ በጨለማ ተነስተው ሁለት ሰዓት በእግር የሚጓዙ ተማሪዎች ትምህርት ዘግይቶ ቢጀመርላቸው ምን እንደሚጠቀሙ ያነሳኋቸው ጥያቄዎች ግን ተሰርዘዋል። በምትካቸው አንድ አቅጣጫ ልጠቁም፦ ጥናቴን ከምሳ በኋላ ባቀረብኩበት ዕለት፣ ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ ሁለተኛው ገጽ ላይ አሸልበው ነበር። ከዚህ የተሻለ ናሙና የት ይገኛል? ሰዓቱን መዝግቤዋለሁ፤ በሁለቱም አቆጣጠር።

የምጠይቀው ሪፖርቱ እንዲታረምና ስሜ እንዲመለስ ብቻ ነው። እነዚያ ሰዎች በራቸውን የከፈቱልኝ አምነውኝ እንጂ ሰነፍ ተብለው ሊታተሙ አልነበረም።

ዶሮ ሳይጮኽ ከሚነሱ ሰዎች የተወለድኩ፣ በፊርማዎ ቸርነት ከመጠን በላይ ያረፍኩ አክባሪዎ፣

ትሕትና ወዳጆ
ከሞላሌ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የዲሲፕሊን ጥሪዎ «ሐሙስ በ3 ሰዓት» ይላል። እኔ ጋሽ ምንይሉን ምስክር ይዤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በርዎ ላይ እገኛለሁ። እርስዎ በኮምፒውተርዎ ቆጠራ የሚመጡ ከሆነ ግን ያን ጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነውና ካፖርት ይደርቡ። ብቸኝነት አይሰማዎትም፤ በሪፖርትዎ መሠረት የመንዝ ገበሬ ገና ሊተኛ ሲል ስለሚደርሱ፣ «ደኅና እደሩ» ብለውት ያልፋሉ።