በአሲድ የቀላው ሳንቲም

ጓደኛዬ፣

የወተቱን ድስት ጥዬዋለሁ። ሳንቲምህን በባትሪ አሲድ ስለዘፈዘፍክበት ከእንግዲህ ወተት አይፈላበትም።
እህቴ ጋ ሄጃለሁ። የቤታችንን ቁልፍ ጎረቤት ትቼዋለሁ።

ዛሬ ልብስ ሰፊው አባባ ሱቃቸው ጠርተውኝ ያንን ቀይ ሳንቲም አሳዩኝ። "ከፋብሪካ ሲወጣ ነጩ ሽፋን ያልያዘው ነው፤ እሁድ ለሳንቲም ሰብሳቢዎቹ አሳያቸዋለሁ" አሉኝ። ሽፋኑን የላጥከው አንተ መሆንህን እያወቅሁ "ያምራል አባባ" አልኩ። አንተንም የገዛ አፌንም ተጸየፍኩ።

እሁድ ሰብሳቢዎቹ ፊት ሳይዋረዱ ሄደህ እውነቱን ንገራቸው። እኔ አቃተኝ።

ስወጣ ምን አሉኝ መሰለህ? "ጓደኛህ ቅን ልጅ ነው። የአባቴን አሮጌ የብር ሳንቲም ብቻ ተቀብሎ እንዲህ ያለ ብርቅ ነገር ማን ይለቃል?"