ልብህን የቆጠርኩበት ጸሎት

ይድረስ ለደምሴ፣ ለሆዴ።

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነህ። የሙት ዓመትህን ተዝካር አውጥተን፣ እንግዳው ሁሉ ተሸኝቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ነው መጻፍ ያማረኝ። በሰው ፊት አንቱ ስልህ ኖሬ፣ አንተ የምልህ ጓዳ ስንገባ ብቻ ነበር፤ ይህንም ደብዳቤ እንደ ጓዳችን ቁጠርልኝ። ብራናው አባቴ ዳዊት ሲጽፉ የተረፋቸው ቁራጭ ነው። ቄስ ሆነው ሳለ ሴት ልጃቸውን ፊደል አስቆጠሩ ብሎ አንኮበር ስንት ዓመት እንደሳቀባቸው ታውቃለህ። ቁራጩን ሲሰጡኝ ለማን እንደምጽፍ አልጠየቁኝም።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት፣ እንደ እናቷ ተዋጊ። የጓሮውን ግድግዳ ያምናው ክረምት ቦርቡሮት ነበር፤ ወንድምህ ተሰማ መጥቶ በጭቃ መረገልኝ፣ ያኔ ገና ሳይጣላኝ። ባናህን ለአባቴ ሰጠኋቸው። ብርዱ ጠንቶባቸዋል፣ እኔ ደግሞ ባየሁት ቁጥር አላስቀምጥ አለኝ። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ግቢው እንደ ድሮው ሰው አይሞላውም። ደብዳቤ ግን አልቀረም፤ ዛሬም ከቆላ ሽቅብ ይመጣል፣ ወደ ደብረ ብርሃንም ይሄዳል፤ በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ የሚሮጠው ሌላ ሰው ነው እንጂ።

መልእክተኛ ከመሆንህ በፊት በግቢው ጋጣ ፈረስ ስትጠብቅ የተማርከውን ነገር አስታወስኩ። የፈረሶቹ አለቃ ፈረስ ሊመርጥ ሲፈልግ ሽቅቡን አስጋልቦ ያስቆመውና፣ መዳፉን ከፈረሱ ግራ የፊት እግር ኋላ ጎኑ ላይ አድርጎ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። ልቡ ቶሎ የሰከነለትን ይወስዳል፣ ያልሰከነለትን ይመልሳል። ሲሮጥማ ሁሉም ፈረስ ነው፣ ጉዱ የሚታወቀው ሲቆም ነው ትለኝ ነበር። ያንን ነገር ወደ ቤታችን ይዘኸው ገባህ። እኔም ባሌን እንደ ፈረስ ስፈትን የምኖር ሴት ሆንኩ።

ጠዋት ከመኝታ ሳንነሣ እኔ ጸሎቱን አንድ ጊዜ እደግማለሁ፣ አንተ ትርታህን በጣትህ ትቆጥራለህ። ሃያ አምስት። የኔ አርባ ሲወጣ፣ ልብሽ የጫጩት ነው ብለህ ሳቅህብኝ። ያረፈ ልብ ቀስ ብሎ የሚመታው ብርቱ ስለሆነ ነው አልከኝ፤ ብርቱ ሰው በአንድ የመዶሻ ምት የሚጨርሰውን ደካማ ሦስት ጊዜ ይመታዋል። ማታ ደግሞ ከቆላው ገበያ ከአልዩ አምባ ያንን አቀበት ወጥተህ፣ ደብዳቤውን አስረክበህ ስትገባ ምሰሶውን ተደግፈህ ትቆማለህ። እጄን ደረትህ ላይ አድርጌ ጸሎቱን እየደጋገምኩ ልብህ እስኪሰክን እጠብቃለሁ። አምስተኛውን ሳልጨርስ ይሰክን ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ከዚያች ሰዓት የበለጠ ደስ የሚለኝ ነገር አልነበረም።

ከዚያ አምና በጥር ቆላ ወርደህ ንዳድ ይዞህ መጣህ። ትኩሳቱ በለቀቀህ በሁለተኛው ሳምንት በትርህን አንሥተህ ሮጥክ። የዚያን ማታ ልብህ የሰከነው በዘጠነኛው ነው። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ባዶ ሆድ ነው አልን። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሥጋው ከብዶህ ነው አልን። ሁለታችንም ምክንያት አላጣንም። አንድ ማታ ግን ዘጠኝ ስልህ ፊትህ ጠቆረ፤ መሮጥ ከተውኩ ምን የምባል ሰው ነኝ አልከኝ፣ እራትህንም ሳትነካው ተኛህ። ያንን ፊት ዳግመኛ ማየት አልቻልኩም።

እንግዲህ የምነግርህ ይህንን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋሸሁህ። በአፌ አይደለም፣ በጸሎቱ ነው። ማታ ማታ አቡነ ዘበሰማያትን የሐዘን ዜማ ይመስል እየጎተትኩ ደገምኩት፤ ልብህ አምስቱን ሳልጨርስ እንዲሰክንልህ። ጠዋት ደግሞ ትርታህ በዝቶ እንዳይቆጠርብህ አፈጠንኩት። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት እያልክ ተነሣህ፣ ደስ ብሎህ በሶህን ቋጥረህ ወጣህ። በወትሮው አደጋገሜ ቢሆን ማታው ዐሥራ አንድ ነበር፣ ጠዋቱም አርባን አልፎ ነበር። እኔ አውቀው ነበር፤ እጄ ያውቀው ነበር። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ግንባሬን ስመህ፣ ጸሎትሽ አዳነኝ ብለህ አመሰገንከኝ።

በግንቦት፣ ያንኑ አቀበት ወጥተህ፣ ደብዳቤውን የግቢው በር ላይ አስረክበህ ድንጋይ ላይ ተቀመጥክ አሉኝ። ስደርስ ቁጭ እንዳልክ ነበርክ። እጄን ደረትህ ላይ አደረግሁ። ሰው ይዞ እስኪያስነሣኝ ድረስ ደገምኩ። ስንት እንደደገምኩ አላውቅም።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፤ ቀኖና ሰጡኝ፣ ጨረስኩ። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ብለው አጽናኑኝ። ለአንተ ሳልናገር ግን ሊቀልለኝ አልቻለም።

አርባህ እንደወጣ በትርህን ተሰማ ተቀበለ። ዘንድሮ በጥር እሱንም ቆላው ንዳድ አሲዞ መለሰው፣ እሱም ሳያገግም ሮጠ። ሚስቱ በለጡ ደጄ መጥታ፣ የደምሴን ልብ ትቆጥሪ እንደነበረው አስቆጥሪኝ አለች። ምላሴን ስላላመንኩት አባቴ እንዲደግሙ ለመንኳቸው። ተሰማ አቀበቱን ወጥቶ ሲመጣ በለጡ እጇን ደረቱ ላይ አደረገች፣ አባቴ ቅዳሴ እንደሚሉት ሳይቸኩሉ ሳይጎትቱ ደገሙ፣ እኔ ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ። ዐሥራ ሁለት። በሦስተኛውም ቀን ዐሥራ ሁለት። ተሰማ ሳቀና ሁዳዴ ነው አለኝ፤ ቃሉ እንኳ ያንተው ቃል ነበር። በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ የመልእክተኞቹ አለቃ ዘንድ ሄድኩና ሁሉን ነገርኳቸው፤ ያንተንም፣ የኔንም ጥፋት፣ የሱንም። በትሩን ከተሰማ እጅ ወሰዱት።

ወንድምህ በሰው ፊት አዋረደችኝ ብሎ ተጣላኝ። ወንድሜን ቀብራ እኔን ከነነፍሴ ቀበረችኝ አለ አሉ። ደብረ ብርሃን አጠገብ የአባታችሁን መሬት ሊያርስ ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። እውነቴን ነው፣ ቃሉ ወግቶኛል። ቆይቼ ሳስበው ግን ቂም የሚይዝ በሕይወት ያለ ሰው ነው። አንተን ደስ አሰኝቼ ቀበርኩህ፤ እሱ ተቀይሞኝ ይኑር።

ለተዝካርህ መጥቶ ነበር። ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ጠላዬን ሳይቀምስ ተነሣ። በለጡ ግን ስትሰናበተኝ እጄን ጨብጣ ቶሎ አልለቀቀችውም። ከደጄ ቆሜ ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። ያ ተሰማ ድሮ አንተን ለመቅደም የሚሮጥበት ዳገት ነው። አሁን መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀጠለ። ዘወር ብሎ አላየኝም።

ደምሴ ሆዴ፣ እኔ እስካለሁ ስምህ ከቅዳሴ አይታጣም። እስከ ዕለተ ሞቴም አልረሳህም፤ የዋሸሁህንም ጨምሬ።

ሚስትህ አስካለ